ከ20,000 በላይ፦ የ«ስታር ዋርስ» የደም ምርመራ ትዕይንት ምን አበላሸ?

«ዘ ፋንተም ሜናስ» የተባለው የ«ስታር ዋርስ» ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው ሜይ 19 ቀን 1999 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ይረዝማል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው አንዱ ክፍል ግን ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም።

ትዕይንቱ እንዲህ ነው። ምሽት ነው፤ ቦታው ታቱዊን የተባለችው በረሃማ ፕላኔት። ባሪያ ሆኖ የሚያድገው ትንሹ አናኪን ከቤቱ ደጅ ተቀምጦ ከዋክብቱን ያያል፤ ሁሉንም ዞሮ ያየ የመጀመሪያው ሰው መሆን እንደሚፈልግም ያወራል። ሊያም ኒሰን የሚጫወተው የጄዳይ (ኃይሉ፣ በእንግሊዝኛው ፎርስ፣ የሚባለውን ረቂቅ ነገር የሚጠቀሙ ተዋጊዎች ማኅበር) መምህር ኳይ-ጎን ጂን የልጁን ቁስል እየጠረገ ትንሽ ደም ይወስዳል። ልጁ ምን እያደረገ እንደሆነ ሲጠይቀው ኢንፌክሽን እንዳይኖርብህ እያየሁ ነው ይለዋል። እናቱ ጠርታው ሊተኛ ሲገባ፣ የደሙ ናሙና መርከቧ ውስጥ ወዳለው ደቀ መዝሙሩ ወደ ኦቢ-ዋን ይላካል። መልሱ ወዲያው ይመጣል፦ የሚዲክሎሪያኑ መጠን ከ20,000 በላይ ነው፤ የጄዳዮች ታላቅ መምህር ዮዳ እንኳ ይህን ያህል የለውም። ኦቢ-ዋን ታዲያ ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቃል። ኳይ-ጎን እርግጠኛ አይደለሁም ይላል። ትዕይንቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

የመጨረሻዋ መልስ ልብ ትባል። ጸሐፊና ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስ ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ፊልሞች ተሰምቶ የማያውቅ ቃል አስገባ፣ ቁጥር ሰጠው፣ ከዚያም በታሪኩ ውስጥ ስለ ኃይሉ ብዙ የሚያውቀውን ሰው ትርጉሙን አላውቅም አሰኘው። ተመልካቹ የያዘው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ተራ ሰው ስንት እንዳለው አልተነገረውም፤ ስለዚህ 20,000 ብዙ መሆኑን የሚያውቀው ኦቢ-ዋን ደንግጦ ከዮዳ ይበልጣል ስላለ ብቻ ነው። ሚዲክሎሪያን ምን እንደሆነ የሚነገረው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ በዋና ከተማዋ ፕላኔት በኮረሰንት የመርከብ ማረፊያ ላይ ነው። እዚያ ኳይ-ጎን ለልጁ ሲያብራራ፣ ሚዲክሎሪያን በሕያዋን ሴሎች ሁሉ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት እንደሆኑ፣ ከእኛ ጋር ተረዳድተው እንደሚኖሩ፣ ያለ እነሱም ሕይወት እንደማይኖር፣ ልቡን ጸጥ ካደረገ የኃይሉን ፈቃድ ሲነግሩት እንደሚሰማቸው ይነግረዋል።

ከዚያ በፊት የነበረው ማብራሪያ

በዚህ ፊልም ላይ የሚሰነዘረው የተለመደ ወቀሳ «ምስጢር የነበረውን ገለጡት» የሚል ነው። ይህ ልክ አይደለም። ቀደምቶቹ ፊልሞች ስለ ኃይሉ ደጋግመው ያብራራሉ። በ1977ቱ ፊልም ያው ኦቢ-ዋን፣ አሁን ሽማግሌ ሆኖ፣ ለአናኪን ልጅ ለሉክ የአባቱን የብርሃን ሰይፍ ካስረከበው በኋላ፣ ኃይሉ ሕያዋን ሁሉ የሚያመነጩት፣ የሚከብበን፣ ዘልቆ የሚገባን፣ ጋላክሲውን አስተሳስሮ የያዘ የኢነርጂ መስክ መሆኑን በግልጽ ይነግረዋል። ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ፍቺ ከየት ይመጣል?

ልዩነቱ የሚታየው ከፍቺው በኋላ በሚመጣው ነው። ብዙም ሳይቆይ ሉክ መርከቧ ውስጥ ዓይኑን የሚጋርድ ሄልሜት አጥልቆ፣ ከምትበር ኳስ የሚተኮስበትን በሰይፉ እንዲመክት ይታዘዛል። ትእዛዙ ዓይንህ ሊያታልልህ ይችላልና አትመነው የሚል ነው። የመርከቧ አብራሪ ሃን ሶሎ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ ዕድል ነው እያለ ያጣጥላል። በፊልሙ መጨረሻ ሉክ ግዙፉን የጠላት ጣቢያ ሊመታ ሲቃረብ የማነጣጠሪያ ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል፤ ከጦር ሰፈሩ ምን ሆነህ ነው ያጠፋኸው ብለው ይጠይቁታል፣ ደህና ነኝ ይላቸዋል፣ ይተኩሳል። ፍቺ፣ ልምምድ፣ የሚጠራጠር ሰው፣ ከዚያ ሕይወት የተያዘበት ውሳኔ። አራቱም በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ደግሞም የዚያ ፊልም ትልቁ ቅጽበት መለኪያ መሣሪያ የሚጠፋበት ነው። የ1999ኙ ፊልም የመጀመሪያ እርምጃ መለኪያውን ማብራት ሆነ፤ የብዙ ተመልካች ቅሬታ ሥሩ እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል፣ ስሙን ባይጠራውም።

በ1980 የወጣው ሁለተኛው ፊልም ማብራሪያውን የበለጠ ያጠብቀዋል። ሉክ ረግረግ ውስጥ የሰጠመችውን ተዋጊ አውሮፕላኑን በሐሳቡ ሊያነሳ ይሞክራል፤ ትንሽ ብቅ ካለች በኋላ ትሰጥምበታለች። በጣም ትልቅ ናት ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ዮዳ፣ ከጉልበቱ የማያልፈው ትንሽ መምህር፣ መጠን ቁም ነገር እንዳልሆነ፣ እኛም ከዚህ ጎስቋላ ሥጋ በላይ ብርሃን እንደሆንን ይነግረዋል፤ ከዚያም አውሮፕላኗን አንስቶ ደረቅ መሬት ላይ ያኖራታል። ሉክ ማመን አልቻልኩም ሲል፣ የምትወድቀውም ለዚህ ነው ይለዋል። ይህ ትዕይንት የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ነው፤ ግን ማንም አብዝቶ አብራራ ብሎ አማርሮበት አያውቅም። ምክንያቱም የሚያብራራው ኃይሉ ከምን እንደተሠራ ሳይሆን ከሰው ምን እንደሚጠይቅ ነው። ተመልካቹም ለራሱ አንድ ነገር ይዞ ይወጣል።

በፍትሕ እንናገር ከተባለ ግን የደሙ ጉዳይ በ1999 አልተጀመረም። በ1983ቱ ፊልም ሉክ ለእህቱ ለሌያ ሲነግራት ኃይሉ በቤተሰቤ ውስጥ ብርቱ ነው፣ አባቴ አለው፣ እኔም አለኝ፣ እህቴም አላት ይላል። በዚያች ንግግር ኃይሉ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ንብረት ለመሆን መንገድ ጀምሯል። ከ16 ዓመት በኋላ የመጣው የደም ምርመራ ያንን በር እስከ መጨረሻው ከፈተው።

ሦስቱ ስብራቶች

የመጀመሪያው ስብራት ጥያቄውን መቀየሩ ነው። በቀደሙት ፊልሞች ጥያቄው ይህ ሰው ምን ያደርጋል፣ ምን ይመርጣል ነበር። ከምርመራው በኋላ ጥያቄው ይህ ሰው ምን አለው ሆነ። ዮዳ ጄዳዮችን ለ800 ዓመታት አሠልጥኗል፤ አንድ ታዳጊ ልጅ ገና ምንም ሳይማር በቁጥር ከበለጠው፣ ያ ሁሉ ዓመት ምን አመጣ? ፊልሙ ይህን ጥያቄ ራሱ አስነስቶ ዝም ይላል። ጠበል ወደ ላቦራቶሪ ወስዶ የማዕድን መጠኑን መለካት ይቻላል፤ ውጤቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለመጠመቅ የመጣችው እናት የመጣችበትን ግን አይነካውም። ፊልሙ ያንን የላቦራቶሪ ወረቀት ለእናቲቱ ሰጥቶ ሌላውን ነገር ከእጇ ወሰደባት።

ሁለተኛው ትርፍነቱ ነው፤ ለእኛ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በፊልሙ ውስጥ የአናኪንን ተሰጥኦ የሚያሳዩ ሌሎች ሁለት ፈተናዎች አሉ፣ ሁለቱም የተሻሉ ናቸው። አንዱ የፍጥነት ውድድሩ ነው፤ ከሰው ዘር ሌላ ማንም የማይችለውን ውድድር ልጁ ይወዳደራል፣ ኳይ-ጎንም ነገር ከመሆኑ በፊት ያያል፣ ለዚህ ነው ፈጣን የሚመስለው ብሎ ያስረዳል። ሌላው በጄዳይ ምክር ቤት የሚደረገው ነው፤ የምክር ቤቱ አባል ሜስ ዊንዱ ምስል የሚፈራረቅበትን ስክሪን ፊቱን ወደራሱ አዙሮ ይይዛል፣ ልጁ ሳያይ መርከብ፣ ኩባያ እያለ ይጠራል። በሁለቱም ልጁ አንድ ነገር ሲያደርግ እናያለን። በደም ምርመራው ግን ልጁ ተኝቷል።

ይባስ ብሎ፣ ያው ኳይ-ጎን ደሙን ከመውሰዱ በፊት ከልጁ እናት ከሽሚ ጋር ሲነጋገር ኃይሉ በዚህ ልጅ ላይ ያለ ልክ ብርቱ ነው፣ ይህ ግልጽ ነው ብሏል። ግልጽ ከሆነ ምርመራው ለምን አስፈለገ? ከውጤቱ በኋላም የሚለወጥ ውሳኔ የለም። ምክር ቤቱ ከዮዳ የሚበልጥ ቁጥር ያለውን ልጅ ዕድሜው አልፏል፣ ፍርሃትም አለበት ብሎ አልቀበልም ይላል። በመጨረሻውም ጦርነት ቁጥሩ ማንንም አያድንም፤ አናኪን የጠላትን መርከብ የሚያፈነዳው በአጋጣሚ ውስጧ ገብቶ ነው፣ ኦቢ-ዋን ጠላቱን ዳርት ሞልን የሚያሸንፈው የወደቀ መምህሩን ሰይፍ ወደ እጁ ስቦ ነው።

የምናባዊ ልብ ወለድ ደራሲው ብራንደን ሳንደርሰን በ2007 ያስቀመጠው ሕግ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ ደራሲ ችግርን በምትሃት መፍታት የሚችለው አንባቢው ምትሃቱን በተረዳው ልክ ነው። ስለዚህ ማብራሪያ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ በኋላ ምትሃቱን ለመፍትሔ ልትጠቀምበት ስትፈልግ አስቀድመህ ትከፍለዋለህ። ሉካስ ዋጋውን ከፈለ፣ ዕቃውን ግን አልወሰደም።

ሦስተኛው ስብራት ተናጋሪው ነው። ለፊልሙ የሚቀርበው ብርቱ መከላከያ ይህ ነው፦ በዚያ ዘመን የነበሩት ጄዳዮች ወደ ቢሮክራሲ የወረዱ፣ መንፈሱን ትተው መመሪያ የያዙ ናቸው፤ ደም መለካታቸው የውድቀታቸው ምልክት ነው። ሐሳቡ ማለፊያ ነው፤ ከፊልሙ ጋር ግን አይገጥምም። ምርመራውን የሚያዘው ከምክር ቤቱ ጋር የሚጋጨው፣ ደቀ መዝሙሩን አሁን ያለህበት ላይ አተኩር የሚለው፣ ልጁንም ከውድድሩ በፊት አታስብ፣ ይሰማህ ብሎ የሚመክረው ኳይ-ጎን ነው። ከሁሉ ይልቅ መለኪያ የማያስፈልገውን ሰው መለኪያ አስያዙት።

ሉካስ ሊል የፈለገው

ሐሳቡ ራሱ ከንቱ አልነበረም፤ ይህን መካድ በደል ነው። ሉካስ በዚያው በ1999 ለጋዜጠኛው ለቢል ሞየርስ በሰጠው ቃለ ምልልስ ኃይሉን ፊልሙ ውስጥ ያስገባው በወጣቶች ውስጥ መንፈሳዊነትን ለማንቃት መሆኑን ተናግሯል፤ ምስጢሩን ሊያረክስ የተነሳ ሰው አልነበረም። ሚዲክሎሪያን የሚለው ስም በሴሎቻችን ውስጥ ያለውን ማይቶኮንድሪያን ያስታውሳል። የባዮሎጂ ባለሙያዋ ሊን ማርጉሊስ በ1967 ባሳተመችው ጽሑፍ ማይቶኮንድሪያ ድሮ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እንደነበሩ፣ ከሌላ ሴል ጋር አብረው መኖር ጀምረው በኋላ የማይነጣጠሉ እንደሆኑ ተከራክራ ነበር፤ ዛሬ ይህ በሳይንሱ ዘንድ ተቀባይነት ያለው ነው። እያንዳንዳችን በትንሹ ደረጃ የአብሮ መኖር ውጤት ነን ማለት ነው። ለኃይሉ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ያው ሐሳብ በፊልሙ የፖለቲካ ታሪክም ውስጥ አለ። በናቡ ፕላኔት ላይ የሚኖሩት ሰዎችና በውኃ ሥር የሚኖሩት ጉንጋኖች ይናናቃሉ። ኦቢ-ዋን ለጉንጋኑ አለቃ ለቦስ ናስ እናንተና እነሱ አንዱ ያለ ሌላው የማይኖር ክበብ ናችሁ፣ በአንዱ የደረሰው ሌላውንም ይነካዋል ይለዋል። አለቃው አይሰማም፤ በኋላ ግን ንግሥቲቱ ራሷ መጥታ ፊቱ ስትንበረከክ ሁለቱ ሕዝቦች አብረው ይዋጋሉ። ሴሉ፣ ፕላኔቷና ጋላክሲው አንድ ሕግ አላቸው ማለት ነው። ይህ ግሩም አሠራር ነው። ጥፋቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ አብሮ መኖር የሚለው ትርጉም ከመምጣቱ በፊት ቁጥሩ ቀደመ፣ ተመልካቹም ከዚያ በኋላ የሰማውን ሁሉ በቁጥሩ መነጽር አየው።

በኋላ የመጡት እንዴት አረሙት

ፊልሙ በ1999 ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ስላስገኘ፣ የምርመራው ትዕይንት ገበያውን አልጎዳም። በ2002ቱ ፊልም ግን ሚዲክሎሪያን የሚለው ቃል አይሰማም። በ2005 ተመለሰ፤ ግን በሌላ አፍ። በስውር የጨለማው ወገን ጌታ የሆነው ፓልፓቲን በቲያትር ቤት ከአናኪን ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚዲክሎሪያኖችን አዝዞ ሕይወት መፍጠር የቻለ፣ የሚወዳቸውንም ከሞት የጠበቀ አንድ የጨለማ ጌታ እንደነበር ይተርክለታል። አናኪን ሚስቱ እንዳትሞት በፍርሃት የሚቃጠል ሰው ነው፤ ይህን ኃይል መማር ይቻላል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከጄዳይ አትማረውም ይለዋል። ያው ቃል፣ ያው ባዮሎጂ ነው፤ ትዕይንቱ ግን ከተከታታይ ፊልሞቹ በጣም ከሚወደዱት አንዱ ሆነ። ማብራሪያው ወጥመድ ስለሆነ ተመልካቹ እያንዳንዷን ቃል ይከታተላል።

በ2020 «ዘ ማንዳሎሪያን» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ በሁለተኛው ምዕራፉ ይህን መንገድ ገፋበት። ግሮጉ የተባለውን ሕፃን ደም እየቀዱ ወደ ሌሎች ሰዎች የሚያስገቡት የወደቀው ኢምፓየር ሳይንቲስቶች ናቸው። በተቀረጸው ሪፖርት ላይ ዶክተሩ ሙከራው መክሸፉን፣ ልጁ ትንሽ ስለሆነ ሳይገድለው ብዙ ደም ሊወስድ አለመቻሉን፣ ይህን ያህል ኤም-መጠን (የሚዲክሎሪያን መጠን) ያለው ሌላ ለጋሽ እንደማይገኝ ይናገራል። እዚህ ቁጥሩ ሥራ አለው፦ ሕፃኑ ለምን እንደሚታደን ይነግረናል፣ የሚለኩት ሰዎችም ምን ዓይነት እንደሆኑ ያሳየናል። በሁለቱም ሥራዎች ኃይሉን በንጥረ ነገሩ የሚያስረዳው፣ ኃይሉን የራሱ ሊያደርግ የሚፈልግ ሰው ነው።

ሌሎቹ በሌላ በኩል ሄዱ። በ2016ቱ «ሮግ ዋን» ዓይነ ስውሩ ቺሩት ጄዳይ አይደለም፤ ጸሎቱን እየደጋገመ በተኩስ መካከል ይራመዳል። ኃይሉ ጠብቆት ይሁን ዕድሉ ፊልሙ አይፈርድም። በ2017ቱ ፊልም ሉክ ልትማር የመጣችውን ወጣቷን ሬይን ኃይሉ ምንድነው ብሎ ይጠይቃታል። ጄዳዮች ያላቸው፣ ሰው የሚቆጣጠሩበትና ዕቃ የሚያንሳፍፉበት ችሎታ ነው ትለዋለች። አንዷም ቃል ትክክል እንዳልሆነች ይነግራትና አንቺ ያለሽ ችሎታ አይደለም ብሎ ወደ 1977ቱ ፍቺ ይመልሳታል።

ስክሪፕት ጠረጴዛው ላይ ላለው ጸሐፊ

ከዚህ ጉዳይ የሚወጣው አሠራር ቀላል ነው። ስክሪፕትህን ከመጀመሪያ ገጽ ያዝና ስለ ኃይሉ የሚናገረውን እያንዳንዱን መስመር አስምርበት። ጎኑ ላይ የሚመልሰውን ጥያቄ ጻፍ፦ ከምን ተሠራ? ማን አለው? ምን ያስከፍላል? ምን አይችልም? የተጠቀመበትን ሰው ምን ያደርገዋል? መስመሮችህ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሥር ከተከማቹ ያለህበት ቦታ የ1999ኙ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ተመልካቹ ራሱን በገጸ ባሕርይው ቦታ አስቀምጦ እንዲያስብ ያደርጉታል።

ቀጥሎ የማብራሪያውን ትዕይንት አውጥተህ ቀጣዮቹን አሥር ገጾች ያለ እሱ አንብብ። የማንም ውሳኔ ካልተለወጠ ትዕይንቱ አያስፈልግም፤ የምትወደው ቢሆንም። ቁጥር ከሰጠህ መነሻውን አብረህ ስጥ፤ የተራውን ሰው መጠን ሳትነግር የጀግናውን ብትነግር ለተመልካቹ የቀረው መገረም ብቻ ነው። የሚያስረዳውን ሰው ምን እንደሚፈልግ ጠይቀው። ምንም ሳይፈልግ ለተመልካቹ ሲል ብቻ የሚያወራ ከሆነ ሌላ ተናጋሪ ፈልግ፦ የሚሸጥ፣ የሚያስፈራራ፣ የሚለምን፣ የሚያባብል።

«ምንም አታብራራ» የሚለው ምክር ግን የሰነፍ ምክር ነው። ገደቡ ያልታወቀ ኃይል በጭንቅ ሰዓት ሁሉን ሲያደርግ ተመልካቹ ተታለልኩ ይላል፤ ልክ ነው፣ ተታሏል።

ታዲያ ያንን የታቱዊን ምሽት ሚዲክሎሪያንን ሳይሰርዙ ማረም ይቻላል? ይቻላል። ምርመራው ከኳይ-ጎን እጅ ወጥቶ ወደ ምክር ቤቱ ይሂድ፤ ሜስ ዊንዱ ስክሪኑን በያዘበት ትዕይንት ላይ ይታከል። ያኔ ከፍተኛውን ቁጥር እያዩ ልጁን የሚመልሱት ራሳቸው ለኪዎቹ ይሆናሉ፤ መለካት ያውቃሉ፣ የለኩትን ማየት ግን አቅቷቸዋል የሚለው ሐሳብም ያለ አንድ ንግግር ይታያል። የአብሮ መኖሩ ማብራሪያ በመርከብ ማረፊያው ላይ ይቆይ፣ ከምክር ቤቱ እምቢታ በኋላ ስለሚመጣ ለተገፋው ልጅ ማጽናኛ ይሆናል። በታቱዊኑ ደጅ ቁስሉን መጥረጉ ይኑር፣ ስለ ከዋክብቱ ማውራቱም ይኑር፤ ኢንፌክሽን የሚለው ውሸት ብቻ ይቅር።

ይህ እርማት አንድ ቀዳዳ ይከፍታል። ኦቢ-ዋን በታቱዊኑ ክፍል ከመርከቧ ብዙም አይወርድም፤ ደሙን መመርመር ከተወሰደበት የሚሠራው ያንሳል። መሙያው ግን ፊልሙ ውስጥ አለ። ከናቡ የመጣውን የድረሱልን መልእክት ሰምቶ ወጥመድ ነው፣ ማንም መልስ እንዳይልክ ብሎ የሚያዝዘው እሱ ነው። በንግሥቲቱ ቦታ የተቀመጠችው አምሳያዋ ሕዝቧ እያለቀ መሆኑን እየሰማች ዝም እንድትል የተደረገችበት ቅጽበት ነው፤ ጥቂት መስመሮች ቢጨመሩበት ኦቢ-ዋን መምህሩ በሌለበት በስሜቱ ብቻ የሚወስነው ከባድ ውሳኔ ይሆናል።